ፍራፍሬ እየበሉ የደም ግፊትዎ አልወርድ ካለ፦ የአራት ሳምንት ዝርዝር መመሪያ

«በየቀኑ ጁስ እጠጣለሁ። ጠዋት ጠዋት ሎሚ በባዶ ሆዴ እወስዳለሁ። ግፊቴ ግን ያው ነው።»

ይህን ሳልሰማ የማልፈው ሳምንት የለም። ሰዎቹ ሰነፎች አይደሉም፤ እንዲያውም ከእኔ በላይ ይጥራሉ። ድካማቸውን ውኃ የሚበላው ሦስት ቦታ ላይ ነው። ፍራፍሬውን ጨምቀው በስኳር ይጠጡታል። በነበረው ምግብ ላይ ይደርቡታል እንጂ ምንም አይቀንሱም። ሦስተኛውና የከፋው ደግሞ ክኒናቸውን አቁመው ይጀምራሉ።

ፍራፍሬ ግፊት የሚያወርደው የሌላ ነገር ቦታ ሲይዝ ነው። የለስላሳውን ቦታ፣ የብስኩቱን ቦታ፣ ከሻይ ጋር የሚበላውን የቦንቦሊኖ ቦታ። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ያንን ቦታ ለማስለቀቅ ነው።

ምን ያህል ይወርዳል?

ከመጀመርዎ በፊት ይህን ይወቁ፤ አለበለዚያ በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል።

እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ «ዳሽ» የሚባለው የአመጋገብ ጥናት ውጤት ታተመ። 459 ጎልማሶች ተሳትፈውበታል። የጨው መጠን ሳይቀየር፣ ክብደትም ሳይቀንስ፣ ፍራፍሬና አትክልት በብዛት የበሉት ሰዎች የተለመደውን የአሜሪካ ምግብ ከበሉት ጋር ተነጻጸሩ። የላይኛው ቁጥራቸው (ለምሳሌ በ140/90 ውስጥ 140ው) በአማካይ 3 ነጥብ ገደማ ወረደ። ከመጀመሪያውም ግፊት የነበረባቸው ላይ ቅናሹ 7 ነጥብ ገደማ ሆነ። በዚያ ላይ ቅባት ቀንሰው፣ ቅባቱ የወጣለት ወተትና እርጎ የጨመሩት ግፊት ያለባቸው ሰዎች ደግሞ 11 ነጥብ ወረደላቸው። ለውጡ መታየት የጀመረው በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው።

ስለዚህ የላይኛው ቁጥርዎ 170 ከሆነ ፍራፍሬ ብቻውን ወደ ጤናማው አያደርስዎትም። ክኒኑን ያግዛል እንጂ አይተካውም።

ነገሩ የሚሠራው በዋናነት በፖታሲየም ነው። ፖታሲየም ኩላሊት የጨውን ሶዲየም በሽንት እንዲያስወጣ ይረዳል፤ የደም ሥሮችንም ያላላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 3,510 ሚሊ ግራም ፖታሲየም በቀን ይመክራል። ጨው ደግሞ ከ5 ግራም በታች። ሁለቱ አብረው ካልሄዱ ግማሽ ሥራ ነው።

ደረጃ 1፦ ራስዎን ይለዩ

ለአብዛኛው ሰው ሙዝና ብርቱካን ጉዳት የላቸውም። ለአንዳንዱ ግን አላቸው። ከሚከተሉት አንዱ እርስዎን ከነካ ሐኪምዎን ሳያማክሩ የፍራፍሬ መጠንዎን አይጨምሩ።

1. የኩላሊት ሕመም ካለብዎት። ደካማ ኩላሊት ፖታሲየምን ማስወጣት ያቅተዋል። በደም ውስጥ ሲከማች የልብ ምት ያዛባል፤ ብዙ ጊዜም አስቀድሞ ምልክት አይሰጥም። ለእርስዎ ሙዝና አቮካዶ ጭራሽ ሊከለከሉ ይችላሉ።

2. የሚወስዱት ክኒን ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል፣ ካፕቶፕሪል፣ ሎሳርታን፣ ቫልሳርታን ወይም ስፒሮኖላክቶን ከሆነ። እነዚህ ፖታሲየምን በሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ። ኩላሊትዎ ጤነኛ ከሆነ በምግብ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ችግር የለውም። ቢሆንም «የፖታሲየምና የክሬአቲኒን የደም ምርመራ ይታዘዝልኝ» ብለው ይጠይቁ፤ ክሬአቲኒን ኩላሊት እንዴት እየሠራ እንደሆነ የሚያሳይ ነው። የክኒኑን ስም ካላወቁ ካርቶኑን ይዘው ይሂዱ። «ነጯ ትንሿ ክኒን» ለሐኪም ምንም አይነግረውም።

3. ስኳር ካለብዎት። ፍራፍሬ አልተከለከሉም። ጁስ ግን ይርሱት። የቀኑን ድርሻ አራት ቦታ ይከፋፍሉ እንጂ በአንድ ጊዜ አይብሉ። የደም ስኳርዎንም ከበሉ ከሁለት ሰዓት በኋላ እየለኩ ይከታተሉ።

4. ነፍሰ ጡር ከሆኑ። የእርግዝና ግፊት ሌላ ጉዳይ ነው። በቤት ምግብ አይሞከርም። ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም።

5. ልኬትዎ 180/120 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የአፍ መጣመም ወይም የአንድ ጎን መዛል ካለ። ይህን ጽሑፍ ይተዉና ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሎሚ እየጠጡ አይጠብቁ።

ስለ ክኒን አንድ ነገር ልበል። እናቴ ጎረቤት ነግሯት ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ጀመረች። ደህና ነው አልን። በሦስተኛው ሳምንት ራሷን ሲያዞራት ለካናት፤ የላይኛው 190 ሆነ። የክኒኑ እሽግ ቡፌ ውስጥ ከሲኒዎቹ ኋላ ሳይነካ ተገኘ። «ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ይከብዳል ብዬ ነው» አለች። የሚከብድ ነገር የለም። ክኒንዎን በሰዓቱ ይዋጡ፤ ፍራፍሬዎንም ይብሉ። መጠኑን የሚቀንሰው ወይም የሚያቆመው ሐኪሙ ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ግሬፕፍሩት (ብርቱካን የሚመስል መራራ ፍሬ) ኒፌዲፒንና ፌሎዲፒን የተባሉትን የግፊት መድኃኒቶች በደም ውስጥ ከልክ በላይ ያበዛቸዋል። ከኮሌስትሮል ክኒኖች ሲምቫስታቲንና አቶርቫስታቲን ጋርም ይጋጫል። አገር ቤት ብዙ አይበላም። በውጭ ያላችሁ ግን ቁርስ ላይ ይገጥማችኋል። ከእነዚህ አንዱን ከወሰዱ ብርቱካን ይብሉ፤ ግሬፕፍሩቱን ይተዉት።

ደረጃ 2፦ መነሻ ቁጥርዎን ይያዙ

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል። ከዚያ ከወር በኋላ «ወረደልኝ መሰለኝ» ይላል። መሰለኝ አይሠራም።

የክንድ መለኪያ ይጠቀሙ። የእጅ አንጓው መለኪያ በትንሽ የእጅ አቀማመጥ ለውጥ ይሳሳታል። ማሽን ከሌለዎት ከጎረቤት ይዋሱ፤ ወይም ሁልጊዜ በአንድ መድኃኒት ቤት፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይለኩ።

አለካኩ እንዲህ ነው፦

1. ከመለካትዎ በፊት 30 ደቂቃ ቡና አይጠጡ፣ አያጭሱ፣ ሩጫም ሆነ ደረጃ መውጣት አይኑር።
2. ሽንት ቤት ገብተው ይውጡ። የሞላ ፊኛ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።
3. ጀርባዎን ደገፍ አድርገው ይቀመጡ። ውስጥ እግርዎ ሙሉ በሙሉ መሬት ይንካ። እግር አያጣምሩ።
4. አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ስልክ ይቀመጥ። ወሬም ይቁም።
5. ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ፣ በልብዎ ከፍታ ያሳርፉ። ጨርቁን በሹራብ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይጠቅልሉ።
6. ይለኩ። አንድ ደቂቃ ቆይተው ይድገሙ። ሁለቱንም ይጻፉ።

ጠዋት ክኒን ከመዋጥዎና ቁርስ ከመብላትዎ በፊት፣ ማታ ደግሞ ከመኝታ በፊት። ለሰባት ቀን። የመጀመሪያውን ቀን ቁጥሮች ይሰርዟቸው፤ ሰው ማሽኑን እስኪለምድ ይደነግጣል። የቀሩት 24 ልኬቶች ናቸው። የላይኞቹን ደምረው ለ24 ያካፍሉ፤ የታችኞቹንም እንዲሁ። ያ መነሻዎ ነው። ቤት ውስጥ ተለክቶ አማካዩ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት ከፍ ብሏል ይባላል። በክሊኒክ ሲለካ ወሰኑ 140/90 ነው።

በዚህ ሳምንት አመጋገብዎን አይቀይሩ። ብቻ የበሉትንና የጠጡትን ጣፋጭ ነገር ሁሉ ማስታወሻ ላይ ያስፍሩ። ሻይ ውስጥ የገባውን ስኳር ጨምሮ። ለደረጃ 5 ያስፈልግዎታል።

ደረጃ 3፦ ገበያ ይውጡ

በቀን አራት ድርሻ ነው የምንፈልገው። አንድ ድርሻ ማለት አንድ መካከለኛ ሙዝ፣ አንድ ብርቱካን፣ ግማሽ አቮካዶ፣ ሁለት ዘይቱን (ጓቫ)፣ ወይም ተቆርጦ አንድ የሻይ ብርጭቆ ሙሉ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ አናናስ ወይም ሐብሐብ።

ከአራቱ ሁለቱ ፖታሲየማቸው የበዛ ይሁን። ግማሽ አቮካዶ 480 ሚሊ ግራም ገደማ አለው። ሙዝ 420። ዘይቱን በመቶ ግራም 400 አካባቢ፤ ሰው ግን ይንቀዋል። ብርቱካን 240 ገደማ ነው። ፖም ከሁሉ ውድ ሆኖ በፖታሲየም ከኋላ ነው፤ በመቶ ግራም ከ110 አይበልጥም። «ለበሽተኛ ፖም» የሚለው ልማድ ለግፊት አይጠቅምም። ጠያቂ ካመጣልዎት አመስግነው ይብሉት፤ በራስዎ ገንዘብ ግን ሙዝ ይግዙ።

የወቅቱን ይከተሉ። ማንጎ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ይረክሳል። በለስ በክረምት ይመጣል። ሙዝና አቮካዶ ዓመቱን ሙሉ አይጠፉም።

ግዢውን በሳምንት ሁለት ጊዜ ያድርጉት። አንድ ጊዜ ሲገዛ ግማሹ ይበሰብሳል፤ ሰውም «ፍራፍሬ አይቆይም» ብሎ ይተዋል። ሲገዙ ይህን ያድርጉ፦

ሙዝ ግማሹን ቢጫ፣ ግማሹን አረንጓዴ ይውሰዱ።

አቮካዶ አንድ ለስላሳ፣ ሁለት ጠንካራ። ጠንካራውን ከሙዝ ጋር በጋዜጣ ጠቅልለው ያስቀምጡ። ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ይበስላል።

ፓፓያ ቢያንስ ግማሹ ቢጫ የሆነውን ይምረጡ። ሙሉ አረንጓዴውን ሻጩ «ነገ ይበስላል» ቢልዎት አይመኑት። እኔ ሁለቴ አምኜ ሁለቴ ጥያለሁ።

«ለጁስ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውን የተጨማለቀ ፍራፍሬ አይግዙ። ቁርጥራጭ ሆኖ የማይበላ ነገር መጨረሻው መፍጫ ውስጥ ነው።

ገንዘቡ አልበቃ ካለ ሁለቱን ድርሻ በአትክልት ይተኩ። በልጣጩ የተቀቀለ አንድ መካከለኛ ድንች ከሙዝ የበለጠ ፖታሲየም አለው። ጎመን፣ ቲማቲም፣ ምስርና ባቄላም ይቆጠራሉ። ሲጨመርበት የኖረውን ጨው ግን አብረው አያምጡት።

በውጭ አገር ላላችሁ፦ የቀዘቀዘ ማንጎና አናናስ ስኳር ካልተጨመረበት እንደ ትኩሱ ነው። በቆርቆሮ የታሸገው ብዙ ጊዜ በሽሮፕ ይዋኛል፤ ይተዉት። የደረቀ ፍራፍሬ ሲገዙ ጀርባውን ያንብቡ፤ ብዙው ስኳር ተነስንሶበታል። ሌላው፣ «ሶዲየሙ የቀነሰ» ተብሎ የሚሸጠው ጨው ብዙ ጊዜ በፖታሲየም ክሎራይድ የተሠራ ነው። በደረጃ 1 ተራ ቁጥር 1 ወይም 2 ላይ ከተጠቀሱት ከሆኑ ሐኪም ሳይፈቅድ አይንኩት።

ደረጃ 4፦ ይጠቡ፣ ያስቀምጡ

በሚፈስ ውኃ እያሹ ይጠቡ። ኦሞ፣ ሳሙና፣ በረኪና አይጠቀሙ። የሚላጠውንም ይጠቡ፤ ቢላው ከልጣጩ ያለውን ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል። የቆረጡት ፍራፍሬ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። የቀረውን ሙሉውን በሳህን አድርገው ጠረጴዛ ላይ፣ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ያኑሩ። ብስኩቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፉበት።

ደረጃ 5፦ አበላሉ፣ ሳምንት በሳምንት

በአንድ ቀን ከዜሮ ወደ አራት አይዝለሉ። ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ፍራፍሬው ይወቀሳል።

1ኛ ሳምንት፦ በቀን ሁለት ድርሻ። ጠዋት ሙዝ፣ ከሰዓት ብርቱካን። በደረጃ 2 የጻፉትን የጣፋጭ ዝርዝር ያውጡ። ከመካከሉ አንዱን ይምረጡና ያስወጡ። የአራት ሰዓቱ ሻይ በቦንቦሊኖ ከሆነ ሻዩ ይቅር ማለቴ አይደለም። ቦንቦሊኖው ይውጣ፣ ሙዙ ይግባ።

2ኛ ሳምንት፦ ሦስት ድርሻ። ምሳ ላይ ግማሽ አቮካዶ ይጨመር፤ ከቲማቲም፣ ከሽንኩርትና ከሎሚ ጋር ሰላጣ አድርገው። ዘይት አያስፈልገውም፤ አቮካዶው ራሱ ቅባት ነው። ሁለተኛውን ጣፋጭ ያስወጡ። ብዙ ቤት ይህ ለስላሳ መጠጥ ነው።

3ኛና 4ኛ ሳምንት፦ አራት ድርሻ። ቀኑ እንዲህ ሊመስል ይችላል፦

ጠዋት 1 ሰዓት፦ ቂንጬ ወይም የአጃ ገንፎ፣ ከአንድ ሙዝ ጋር። ቅቤው ለመዓዛ ያህል።
ረፋድ 4 ሰዓት፦ አንድ ብርቱካን፣ በሰፈፉ፣ ማለትም ነጩን ሽፋን ብዙ ሳይገፉ።
ምሳ 7 ሰዓት፦ የተለመደው እንጀራ፣ ወጡ ቀነስ ብሎ፣ ከግማሽ አቮካዶ ሰላጣ ጋር።
ከሰዓት 10 ሰዓት፦ አንድ ብርጭቆ የተቆረጠ ፓፓያ።

ይህ ብቻውን ወደ 1,400 ሚሊ ግራም ፖታሲየም ይሆናል። የቀረውን ምስሩ፣ ሽሮውና ጎመኑ ይሞሉታል።

ሦስት ትእዛዞች አሉ፤ የሚበላሸው እዚህ ነውና።

አንደኛ፣ ያኝኩ፤ አይጠጡ። አንድ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ሦስት አራት ብርቱካን ይፈጃል፣ አሰሩ ይቀራል፣ ስኳሩ ይገባል። የጁስ ቤቱ ስፕሪስ ደግሞ አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ ከመሆኑ በላይ ስኳርና አንዳንዴም ቪምቶ አለበት። ማኘክ ካልቻሉ፣ ጥርስ ከሌለ ወይም ሕመም ካለ፣ ፍሬውን በሹካ ፈጭተው በማንኪያ ይብሉ። ስኳር አይጨምሩ።

ሁለተኛ፣ ጨውና ሚጥሚጣ አይነስንሱ። ማንጎ በሚጥሚጣና በጨው ይጥማል፤ አውቃለሁ። ግን ፖታሲየሙ ሊያስወጣው የመጣውን ሶዲየም እርስዎ በጓሮ በር እያስገቡት ነው። ሎሚ ይጭመቁበት።

ሦስተኛ፣ ከምግብ በኋላ «ማወራረጃ» አያድርጉት። ሆድ ሞልቶ የሚበላ ሙዝ የማንንም ቦታ አይወስድም። ከምግብ በፊት ወይም በምግብ መካከል ይብሉት።

ስለ ሎሚም እዚሁ ልጨርስ። በባዶ ሆድ የሚጠጣ ሎሚ ግፊት ወዲያው አያወርድም፤ ደምም አያቀጥንም። ጥርስን ይበላል፣ ጨጓራ ያለበትን ያቃጥላል። ሎሚ የሚጠቅመው ወጥና ሰላጣ ላይ ነው፤ ጨው ሲቀንስ የጎደለውን ጣዕም ይሸፍናል።

ደረጃ 6፦ ጨዉን ከቤቱ ይለኩ

አምስት ግራም ጨው ማለት አንድ ያልተከመረ የሻይ ማንኪያ ነው። ለአንድ ሰው፣ ለሙሉ ቀን፣ ከሁሉም ምግብ ተደምሮ።

እንጀራው ራሱ ብዙ ጊዜ ጨው የለበትም። ጨው የሚገባው ከላይ ባለው ነው። በርበሬው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። ምጥን ሽሮውም። ወጥ ሲሠራ ይደገማል። ከዚያ ኩብ ማጣፈጫው ይሠልሳል። ሲበላ ደግሞ «አልቀመሰም» ተብሎ ይጨመርበታል።

እንዲህ ያድርጉ፦

1. አራት ሰው ላለበት ቤት የሳምንቱን ጨው 100 ግራም በአንድ ትንሽ ማሰሮ ይለዩ። ወሰኑ 140 ነው፤ ቀሪው 40 በዳቦው፣ በበርበሬውና በሽሮው ውስጥ አለ።
2. ከማሰሮው ውጭ ሌላ ጨው ቤት ውስጥ አይታይ።
3. ኩቡን ያስወጡ። በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በኮረሪማና በበሶብላ ይተኩ።
4. እስከ ዛሬ ከሚጠቀሙት ወደ 100 ግራሙ በአንድ ጊዜ አይውረዱ። በየሳምንቱ ሩብ ሩብ ይቀንሱ። ምላስ በጥቂት ሳምንት ይለምዳል።
5. ወጥ የሚሠራው ሌላ ሰው ከሆነ፣ እናት፣ ሚስት ወይም ሠራተኛ፣ አስቀድመው ያስረዱ። ማዕድ ላይ «ጨው በዝቷል» ማለት ጠብ ነው።

ደረጃ 7፦ ፆም ሲገባ

ለኦርቶዶክሱ ፍራፍሬ የፆም ምግብ ስለሆነ ነገሩ ቀላል ይመስላል። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው አራቱን ድርሻ በቀሪው ጊዜ ማብቃቃት አለበት። 9 ሰዓት ላይ በውኃና በአንድ ፍሬ ይጀምሩ። ወጡ ከዚያ ይቀጥል። 11 ሰዓት ላይ ሁለተኛው፣ እራት ላይ አቮካዶ፣ ከመኝታ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ አራተኛው። ተልባና ሱፍ ፍትፍት ጨው እንደሚገባባቸው አይርሱ።

በረመዳን ደግሞ ቴምር ሁለት ሦስት ፍሬ፣ ከዚያ ውኃ፣ ከዚያ የተቆረጠ ፍራፍሬ፣ ሳምቡሳው ከዚያ በኋላ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ፍራፍሬው ቦታ አያገኝም። ለሱሁር ሙዝ ጥሩ ነው።

የክኒን ሰዓት ከፆም ሰዓት ጋር ከተጋጨ ፆሙ ሳይገባ ሐኪምዎን ያነጋግሩ። ብዙ የግፊት መድኃኒት ሰዓቱ ሊዛወር ይችላል። መዝለል ግን አይቻልም።

ደረጃ 8፦ ዳግም ይለኩ

በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ደረጃ 2ን እንዳለ ይድገሙት። ሰባት ቀን፣ ጠዋትና ማታ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ አንደኛው ቀን ይሰረዝ፣ አማካይ ይውጣ። በመካከል በየቀኑ እየለኩ አይጨነቁ። ግፊት በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ከ10 ነጥብ በላይ ይወጣል ይወርዳል። ያንን እያዩ «ዛሬ ፓፓያው ሠራ፣ ትናንት ሙዙ አልሠራም» ማለት ሞኝነት ነው።

ነገሩ ሲበላሽ

ቁጥሩ ምንም ካልተነቃነቀ። ከፍራፍሬው በፊት ሌሎችን ይመርምሩ። ለወገብና ለመገጣጠሚያ የሚወሰዱ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊት ይጨምራሉ፤ የጨው መጠን ብቻ እያየን እነዚህን እንረሳለን። አንዳንድ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒኖችም እንዲሁ። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል። መጠጥም። ክኒን በየስንት ቀኑ እንደዘለሉም ራስዎን በሐቅ ይጠይቁ። ከእነዚህ አንዱ ካለ ሙዝ ብቻውን አያሸንፈውም።

ክብደት ከጨመሩ። ፍራፍሬው ተደርቧል ማለት ነው፤ አልተተካም። ወደ 1ኛ ሳምንት ይመለሱና ምን እንዳስወጡ በወረቀት ያረጋግጡ። በቀን ሙሉ አቮካዶ የሚበሉ ከሆነ ወደ ግማሽ ይውረዱ።

ጨጓራ ካቃጠለ። ብርቱካን፣ አናናስና ሎሚ ይቁሙ። ፓፓያ፣ ሙዝና ሐብሐብ ይተኩ።

ሆድ ከነፋ። ድርሻውን ወደ ሁለት ይመልሱ፣ አንድ ሳምንት ይቆዩ፣ ከዚያ ግማሽ ግማሽ ድርሻ ይጨምሩ። ውኃ ይጠጡ።

ቤተሰቡ ፍራፍሬውን ከጨረሰብዎት። ይህ በእኔ ቤት ትልቁ እንቅፋት ነበር። ልጆችን መከልከል አይሆንም። የእርስዎን አራት ድርሻ ጠዋት በክዳን ዕቃ ይለዩ፤ የቀረው የሁሉም ነው።

ሲነሱ ካዞረዎት፣ ወይም የላይኛው ቁጥር ከ100 በታች ከወረደ። ይቀመጡ ወይም ይተኙ፣ እግርዎን ከፍ ያድርጉ። ለሐኪምዎ በዚያው ቀን ይደውሉ። ምግቡና ክኒኑ አንድ ላይ ከሚገባው በላይ አውርደውት ሊሆን ይችላል። ክኒኑ መቀነስ ካለበት እሱ ይቀንሰዋል።

ልብዎ ያለ ምክንያት ቢዘል ወይም ጡንቻዎ ቢዝል። በተለይ ኢናላፕሪልን ወይም ስፒሮኖላክቶንን ከወሰዱ ፍራፍሬውን ያቁሙና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሄደው ፖታሲየም ያስመርምሩ።

ወርዶልዎት ከሆነ ደግሞ «ዳንኩ» ብለው ክኒኑን አይጣሉ። ሁለቱን አማካዮች፣ የመነሻውንና የአሁኑን፣ በአንድ ወረቀት ጽፈው ለቀጠሮዎ ይዘው ይሂዱ። የሚውጡትን ክኒን ሁሉ በፌስታል ይያዙ፤ የወገቡንም። መለኪያ ማሽኑንም አይርሱ። ሐኪሙ በራሱ ሲለካዎት በእርስዎ ማሽንም ያስለኩ፤ ልዩነቱ ስንት እንደሆነ ያኔ ይታወቃል።